ንግግሩ ኢንተርኔት ላይ ካለ የቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ ምን ይደረግበታል?

የኋላ_ወንበር

ክሩን የከፈትኩት አንድ ክርክር ይዤ ነው፤ ኮንፈረንስ የሚኬደው ንግግር ለመስማት አይደለም። ብራስልስ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው የክፍት ሶፍትዌር ኮንፈረንስ ፎስዴምም ሆነ በዲሴምበር መጨረሻ ጀርመን ውስጥ የሚካሄደው የሃከሮች ስብሰባ ኬኦስ ኮሚዩኒኬሽን ኮንግረስ ንግግሮቻቸውን ቀርጸው በሳምንት ውስጥ በነጻ ይለቃሉ። ቤት ቁጭ ብሎ እያቆሙና እየመለሱ ማየት የሚቻለውን ነገር በአካል ተገኝቶ ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ትርፉ ድካም ነው።

እንግዲህ ዕቅድ ሲወጣ ፕሮግራሙን ለሦስት ክፈሉት። መጀመሪያ የማይቀረጸውን ለዩ፤ ወርክሾፕ፣ ክብ ጠረጴዛ፣ የአንድ ጉዳይ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክፍለ ጊዜ። እነዚህ ካመለጡ አመለጡ ነው። ቀጥሎ ተናጋሪውን የምትጠይቁት ቁርጥ ያለ ጥያቄ ያላችሁባቸውን ንግግሮች ያዙ። «አስደሳች ይመስላል» ብቻ የሚባልለት የቀረው ሁሉ ቤት ወደሚታየው ዝርዝር ይሂድ። በቀን ከሦስት ንግግር በላይ ከያዛችሁ ሰው የምታገኙበት ጊዜ አይተርፍም።

ፕሮግራሙን ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ አውርዱት። አንድሮይድ ላይ ጊጊቲ የሚባለው ክፍት መተግበሪያ የብዙ ኮንፈረንሶችን መርሐ ግብር ያነባል፤ ሰዓታቸው የተደራረቡትንም ያሳያል። ፎስዴም ላይ መቀመጫው ከሞላ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም። ስለዚህ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያለ ተፈላጊ ንግግር ካለ ከእሱ በፊት ያለውን ክፍለ ጊዜ ገብቶ መቀመጥ ነው ያለው መላ።

ኮሪደር ላይ ስትቆሙ ደግሞ የፓክማን ደንብ የሚባለውን አትርሱ። ኤሪክ ሆልሸር ያስፋፋው ነው፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚገባበት ክፍተት ይተዉ፣ ሰው ሲገባበት ደግሞ ሌላ ክፍተት ይክፈቱ። የማያውቃችሁ ሰው «ልቀላቀል?» ብሎ ሳይጨነቅ እንዲገባ የሚያደርገው ይህቺ አንድ እርምጃ ቦታ ናት።

ራውተር_ጠባቂ

ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ ግን ኔትወርኩ ላይ ተማምኖ የሚሄድ ሰው ገና በመጀመሪያው ጠዋት ዕቅዱ ይፈርስበታል። ለምን እንደሚበላሽ ካወቃችሁ ግማሹን ችግር ራሳችሁ ትፈታላችሁ።

ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፈተው አየሩ ስለተጨናነቀ ነው። ዋይፋይ ላይ በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አንድ ሺህ ሰው ያለበት አዳራሽ በሦስት ቻናል አይሸፈንም። በ5 ጊጋኸርዝ ግን፣ እንደ አገሩ ደንብ ቢለያይም፣ ከሃያ በላይ ባለ 20 ሜጋኸርዝ ቻናል ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ላይ 5 ጊጋኸርዝን አስመርጡ።

«ዋይፋዩ አልሠራም» ብሎ የስልክን ሆትስፖት መክፈት ደግሞ የባሰ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሆትስፖት «እዚህ አለሁ» የሚል መልእክት በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ ይልካል፣ የሚልከውም በዝግተኛው ፍጥነት ነው። ሃምሳ ሰው ሆትስፖት ከከፈተ አየሩ በዚህ ብቻ ይሞላል። የግድ ኢንተርኔት ከስልክ የምትወስዱ ከሆነ በዩኤስቢ ኬብል አገናኙት፣ ጉዳቱ ለማንም አይተርፍም።

ሁለተኛው ምክንያት የአድራሻ እጥረት ነው፤ ኔትወርክ ላይ የሚገባ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። አዘጋጆቹ ባለ /24 ኔትወርክ (ቁጥሩ ሲያንስ አድራሻው ይበዛል) ከሰጡ ለሰው የሚታደለው ቢበዛ 254 አድራሻ ነው። አንድ ሰው ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ የአንዳንዱ የእጅ ሰዓትም ይገናኛል፤ 254ቱ ከሻይ ሰዓት በፊት ያልቃል። ለሺህ ሰው /21 ማለትም 2046 አድራሻ ጠርዝ ላይ ነው፣ /20 ይሻላል። የኪራይ ጊዜውም፣ ማለትም አንድ መሣሪያ አድራሻውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ 24 ሰዓት ሳይሆን ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት ይሁን፤ አለዚያ ወጥቶ የሄደ ሰው ስልክ አድራሻውን እንደያዘ ይውላል።

ችግር ሲገጥማችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። አድራሻችሁን እዩ፤ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አዳይ ሰርቨሩ አልመለሰላችሁም፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ካልረዳ ለአዘጋጆቹ ንገሩ። አድራሻ አግኝታችሁ የመግቢያ ገጹ ካልመጣ ቪፒኤኑን ለጊዜው አጥፉ፣ በእጅ ያስገባችሁትንም ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) አንሱ፤ ከዚያ ኔቨርኤስኤስኤልን የመሰለ ያልተመሰጠረ ገጽ ክፈቱ። የተመሰጠረ ገጽ ወደ መግቢያው ሊዞር ስለማይችል ነው ባዶ የሚሆነው።

ፎስዴም የሚሄድ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ዋናው ዋይፋይ የሚሠራው በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት በአይፒ ቪ6 ብቻ ነው፤ አሮጌውን አይፒ ቪ4 የሚፈልግ «ፎስዴም ኤንሸንት» የሚባለውን ይመርጣል። በቪ6ቱ ላይ አሮጌው አድራሻ ብቻ ያላቸው ድረ ገጾች የሚከፈቱት የኮንፈረንሱ ዲኤንኤስ ተርጉሞ ስለሚመልስ ነው። የራሳችሁን ዲኤንኤስ በእጅ ካስገባችሁ ይህ ትርጉም ይቀርና «ግማሹ ኢንተርኔት ጠፋ» ይሆናል። አድራሻን በቁጥር ኮዱ ውስጥ የጻፈ ፕሮግራምም እዚያው ይጋለጣል፤ የራሳችሁን ሶፍትዌር ለመፈተን ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ስላይድ_ሠሪ

ተናጋሪ ሆናችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ጥቂት ልጨምር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም። ቀዳዳው ተመሳሳይ ቢሆንም ምስል የሚያሳልፈው የዲስፕሌይፖርት አማራጭ ያለው ብቻ ነው። መቀየሪያውን ገዝታችሁ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ላይ ሞክሩት። መድረክ ላይ ደግሞ በላፕቶፑና በፕሮጀክተሩ መካከል የቀረጻ ሳጥን ይኖራል፤ 4ኬ ወይም ያልተለመደ የማደሻ ፍጥነት ከላካችሁ ጥቁር ስክሪን ይሰጣችኋል። 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ አድርጉት። የቅጂ መብት ጥበቃ ያለበት ቪዲዮ ከከፈታችሁም ሳጥኑ ምስሉን ሊዘጋው ይችላል፣ ለናሙና ቪዲዮ የራሳችሁን ፋይል ያዙ።

ስላይዱን በፒዲኤፍም ያዙት፣ ፎንቱ ውስጡ ተካቶ። የግዕዝ ፊደል ያለበት ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ተጠቅማችሁ ፒዲኤፉ ውስጥ ካካተታችሁት ከዚህ ትድናላችሁ።

ጽሑፉ ከ28 ነጥብ አይነስ፣ ኮድ ከሆነ በአንድ ስላይድ ከአሥራ ሁለት መስመር አይለፍ። የስላይዱን የታችኛውን አንድ አምስተኛ ባዶ ተዉት፤ ጠፍጣፋ ወለል ባለው አዳራሽ ከኋላ ለተቀመጠው ሰው የፊተኞቹ ጭንቅላት ይጋርደዋል። የቀለም ንጽጽር በድር ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ነው፤ መብራት ባልጠፋበት አዳራሽ ግን ፕሮጀክተር ይደበዝዛል፣ 7 ለ 1 አስቡ። ጥቁር መደብ ላይ ግራጫ ጽሑፍ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ይጠፋል።

በቀጥታ የሚታይ ማሳያ ካለ ቀድማችሁ ስክሪኑን ቅረጹትና ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። ማሳወቂያ አጥፉ፣ ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉ፣ የሚያስፈልገውን ጥቅልና የዳታ ፋይል ሁሉ ቀድማችሁ አውርዱ። ራውተር ጠባቂ እንዳለው መድረክ ላይ ሆኖ ከኢንተርኔት ማውረድ አይታሰብም።

አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እላለሁ፦ ከአዳራሹ የተጠየቀውን ጥያቄ መልሳችሁ በማይክራፎን ድገሙት። ቀረጻውም፣ በርቀት የሚከታተለውም፣ ጽሑፍ የሚያወጣውም ሰው ጥያቄውን አልሰማም። መልሱ ብቻ ሲሰማ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ትርጉም ያጣል።

ሰበዝ

የኋላ ወንበር፣ ክርክርህን በታሪክ ላጠናክርልህ። ዛሬ እንደ አየር የምንቆጥራቸው ብዙ ዲጂታል ልማዶች መጀመሪያ የታዩት ወይም የተፈተኑት ሰው በተሰበሰበበት ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን፣ ሊንክ ያለውን ጽሑፍና የቪዲዮ ጥሪን በአንድ መድረክ ያሳየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳንፍራንሲስኮ በተደረገ የኮምፒውተር ኮንፈረንስ ላይ ነው፣ በዘጠና ደቂቃ። ትዊተር በማርች 2007 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ላይ ኮሪደር ውስጥ ስክሪን ተክሎ መልእክቶቹን ማሳየቱ በሰፊው አስተዋወቀው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ክሪስ መሲና የመሰላል ምልክቷን ለቡድን መለያ እንጠቀምባት ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ የሰጠው ምሳሌ ባርካምፕ ነበር፤ ባርካምፕ ደግሞ ተሳታፊው ራሱ ፕሮግራሙን የሚያወጣበት ስብሰባ ነው። ሃሽታግ እንግዲህ ከኮንፈረንስ ወሬ የተወለደ ነው።

ዛሬ ግን አካሄዱ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ያኔ መሣሪያው አዳራሽ ውስጥ ያለውን ሰው ከአዳራሽ ውስጥ ሰው ጋር ያገናኝ ነበር፤ አሁን ብዙ ሰው ስላይድ ፎቶ እያነሳ ውጭ ላለው ተከታይ ያሳያል። ስላይዱ ፒዲኤፍ ሆኖ ሊለቀቅ ነው፣ ፎቶው ማንንም አይጠቅምም። በዚያች ደቂቃ መያዝ ያለበት ስላይዱ ላይ የሌለው ነው፦ ተናጋሪው በቃል ያለው ማስጠንቀቂያ፣ «ይህን ሞክረን ተውነው» ያለው ነገር፣ የተጠየቀው ጥያቄና የጠያቂው ስም።

የጎን ውይይቱ የት እንደሚካሄድም ልብ በሉ። ውይይቱ ስላክ በሚባለው የቻት መተግበሪያ ነጻ ዕቅድ ላይ ከሆነ ከ90 ቀን በፊት ያለው መልእክት አይታይም። ፎስዴም በ2021 ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ሲካሄድ ማትሪክስ የሚባለውን የቻት ሥርዓት መርጧል፤ ክፍት ፕሮቶኮል ስለሆነ ማንም ከራሱ ሰርቨር ይገባል። አዘጋጅ የሆናችሁ ሰዎች ቻት ስትመርጡ «ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ይህን ውይይት ማንበብ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምቾት ብቻ የተመረጠ ቻት የአንድን ማኅበረሰብ ትዝታ ይዞ ይጠፋል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ፎቶን በተመለከተ ኬኦስ ኮንግረስ ላይ ያለው ልማድ የሚመሰገን ነው፤ በፎቶው ውስጥ የሚታይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። ሌሎች ቦታዎች ደግሞ የአንገት ማሰሪያው ቀለም «አታንሱኝ» ማለት ይሆናል። ስትመዘገቡ የቀለሙን ትርጉም አንብቡ።

ንቁ_ጆሮ

ስለ ኮሪደሩ የተባለውን ሳነብ አንድ ነገር ቅር አለኝ። የኋላ ወንበር፣ «ንግግሩን ተዉት፣ ኮሪደሩን ያዙ» ስትል ኮሪደሩ ለሁሉም እኩል እንደሆነ አድርገህ ነው። አይደለም። ጆሮው በደንብ ለማይሰማ ሰው ጫጫታ ባለበት ኮሪደር ቆሞ ማውራት ከሁሉ የከበደው ክፍል ነው። አዲስ የመጣ ሰው ክፍተት ቢተውለትም ርዕሱን አያውቅም። ትንኮሳ የሚፈጸመውም ብዙ ጊዜ ካሜራ በሌለበት በኮሪደሩና በማታው ግብዣ ነው። አዳራሹ ቢያንስ ማይክራፎን፣ ቀረጻና ሰብሳቢ አለው።

ስለዚህ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የሥነ ምግባር ደንቡን አንብቡ። የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2012 የሥነ ምግባር ደንብ የሌለውን ኮንፈረንስ አንደግፍም ካለ ወዲህ ደንብ መለጠፍ ተለምዷል፣ ግን የተለጠፈ ሁሉ አይሠራም። እኔ የምፈልገው ይህን ነው፦ አቤቱታ የሚቀበሉት ሰዎች በስም ተጽፈዋል ወይ? በዝግጅቱ ሰዓት የሚነሳ ስልክ አለ ወይ? ደንቡ ቻቱንና የማታውን ግብዣ ይሸፍናል? ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ አቤቱታው በአዘጋጁ ላይ ቢሆን ለማን ይቀርባል? የመጨረሻውን ያልመለሰ ደንብ ገና አልተጨረሰም።

በስክሪን ላይ ስለሚወጣው ጽሑፍ፦ ማሽኑ የተለመደውን ንግግር ጥሩ አድርጎ ይጽፋል፣ የሚስተው ግን ዋናው ቃል ላይ ነው፤ የፕሮጀክት ስም፣ ምህጻረ ቃል፣ የሰው ስም። ሠልጥኖ በፍጥነት የሚጽፍ ባለሙያም ቢሆን አስቀድሞ ካልተነገረው ይቸገራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ተናጋሪው ከሳምንት በፊት ሠላሳ የሚሆኑ ስሞችና ቃላት ጽፎ ለአዘጋጁ ይላክ። ድምጽ ደግሞ ከአዳራሹ ማይክራፎን ሳይሆን ከድምጽ ማቀናበሪያው በቀጥታ በኬብል ይወሰድ፤ ማስተጋባቱ ነው ጽሑፉን የሚያበላሸው።

የኋላ_ወንበር

እህት ንቁ ጆሮ፣ ትክክል ነሽ፤ ኮሪደሩ ቅርጽ ያስፈልገዋል። ሃሪሰን ኦወን በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው «ክፍት ቦታ» የሚባለው አሠራር ለዚህ ይመቻል። ባዶ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ሰው ርዕስ ጽፎ ክፍልና ሰዓት ይይዛል። ደንቡ አንድ ነው፤ እየተማርክ ወይም እያዋጣህ ካልሆነ ተነስተህ ወደ ሌላው ሂድ፣ ማንም አይቀየምህም።

በተግባር እንዲህ ነው። ርዕሱን በጥያቄ መልክ ጻፉ፤ «ዳታቤዝ» ሳይሆን «የቆየ ዳታቤዝ ሳይቆም እንዴት ይዘዋወራል?»። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሁለት ክፈሉት። አርባ አምስት ደቂቃ። በሩ የሚዘጋ ክፍል ምረጡ፣ ወንበሩን ክብ አድርጉ፣ በደንብ የማይሰማ ሰው የሁሉም ፊት የሚታይበትን ወንበር ይምረጥ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የጠራው ሰው ርዕሱን ለአዲስ ሰው ያስረዳል። አንድ ሰው በጋራ መጻፊያ ላይ ማስታወሻ ይይዛል፣ አድራሻውም በሩ ላይ ይለጠፋል፤ ሰበዝ የሚሠጋለት ትዝታ በዚህ ይተርፋል።

ሰበዝ

የኢንተርኔትን የቴክኒክ ደረጃዎች የሚያወጣው የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል ልማድም እዚህ ይረዳል። ድምጽ አይሰጡም፤ ሰብሳቢው አንዱን አማራጭ ይጠራል፣ የሚስማማው አፉን ዘግቶ «እምምም» ይላል። ማን እንዳለ አይለይም፣ አይቆጠርም፣ ግን ክፍሉ ወዴት እንዳዘነበለ ይሰማል። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 የሚባለው ሰነዳቸው እንደሚያስረዳው ይህ ውይይት ለመዝጋት ሳይሆን ተቃውሞው የት እንዳለ ለማግኘት ነው። ጥቂቶች ከተቃወሙ ቁጥራቸው ሳይሆን ምክንያታቸው ነው የሚመዘነው። በርቀት ለሚከታተል ግን ይህ አይሠራም፣ የእጅ ማውጫ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

ባትሪ_ሙሉ

ስለ ዕቃና ስለ ጥንቃቄ ማንም አላነሳም። የስፖንሰር ድንኳን ላይ ባጃችሁን ሲቃኙት ስትመዘገቡ የሰጣችሁት ኢሜይልና የሥራ ቦታ ወደ ሽያጭ ዝርዝር ይገባል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ለዚያ ኮንፈረንስ ብቻ የሚሆን ቅጽል አድራሻ ስጡ፤ ብዙ ኢሜይል አቅራቢዎች ከስማችሁ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና ቃል ማስገባት ይፈቅዳሉ። አድራሻው ለማን እንደተላለፈ በኋላ ታውቃላችሁ። ቲሸርት ለመውሰድ መቃኘት ግዴታ ነው ከተባላችሁ ቲሸርቱን ተዉት።

በነጻ የተሰጠ ፍላሽ አትሰኩ። ስልክ ከግድግዳ ዩኤስቢ ሳይሆን ከራሳችሁ ቻርጀር ሙሉት። ዴፍኮን በሚባለው የሃከሮች ኮንፈረንስ ላይ «የበጎች ግድግዳ» የሚባል ስክሪን አለ፤ ሳይመሰጠር በኔትወርኩ ያለፈ የመግቢያ ስምና በከፊል የተሸፈነ የይለፍ ቃል ይታይበታል። እዚያ ስሙ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረሳው የድሮ የኢሜይል ፕሮግራም ነው ያጋለጠው። ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ በራሱ የሚገናኙ ክፍት ዋይፋዮችን ሁሉ አስረሱት፤ ተመሳሳይ ስም ያለው የሐሰት ዋይፋይ የሚያጠምደው በዚህ ነው።

ፓወር ባንክ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሄድም፣ ወሰኑም ያለ ፈቃድ 100 ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ሚሊአምፒር ሰዓቱን ለሺህ አካፍሎ በ3.7 ማባዛት ነው፤ 20,000 ከሆነ 74 ዋት ሰዓት።

ስላይድ_ሠሪ

27,000 የተጻፈበትስ?

ባትሪ_ሙሉ

99.9፣ ያልፋል። 30,000 ከሆነ 111 ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዋት ሰዓቱ ላዩ ላይ ካልታተመ ወይም ጽሑፉ ከተፋቀ ፍተሻ ላይ ሊወሰድባችሁ ይችላል። አንድ ባለ 65 ዋት ቻርጀርና ሦስት መሰኪያ ያለው አጭር ማራዘሚያም ያዙ። ከአንድ የግድግዳ መሰኪያ ለሦስት ሰው ስታካፍሉ ጨዋታው ራሱ ይጀምራል።

ራውተር_ጠባቂ

ስለ መመለሻው፦ ማስታወሻችሁን በሁለት ቀን ውስጥ ካላጠራችሁ ስምና ፊት ይደባለቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይበቃል፤ ስሙ፣ የት እንዳገኛችሁት፣ ማን ለማን ምን ቃል እንደገባ። ኢሜይሉ ላይ «መተዋወቃችን ደስ ብሎኛል» ብቻ አትጻፉ፣ የተነጋገራችሁበትን ሊንክ ወይም የስህተት ሪፖርቱን ቁጥር አያይዙ። ኮሪደር ላይ «ይህ ብልሽት እኛም ጋ አለ» የተባለ ነገር ሪፖርት ሆኖ ካልተጻፈ አልተባለም ማለት ነው።

ስላይድ_ሠሪ

የኋላ ወንበር መጀመሪያ ላይ «በሳምንት ውስጥ ይለቃሉ» ያለው ላይ አንድ ማስተካከያ። ፎስዴም ላይ ቀረጻው ሳይቋረጥ ነው የሚካሄደው፤ ከዚያ ኤስሪቪው የሚባለው ሥርዓት ለተናጋሪውና ለክፍሉ አስተባባሪ ኢሜይል ይልካል። ንግግሩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ድምጹም ደህና መሆኑን አንዳቸው እስኪያረጋግጡ ቪዲዮው አይወጣም። የአንዳንዱ ንግግር ቪዲዮ ለወራት የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ያ ኢሜይል መልስ ስላላገኘ ነው። ተናጋሪ ከሆናችሁ የቆሻሻ መልእክት ሳጥናችሁንም ተመልከቱ፤ ተመልካች ከሆናችሁ ለተናጋሪው በትሕትና አስታውሱት፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው።